የአባባ ጆሮና ሁለቱ ካሴቶች

ሰው ሁሉ አልኮል ሲሸተው መርፌ ትዝ ይለዋል፤ እኔን ትዝ የሚለኝ ቴፕ ነው። ባለፈው ሳምንት ልጄን ለማስከተብ ጤና ጣቢያ ወስጃት፣ ነርሷ ጥጥ አርሳ ክንዷን ስትጠርግ የደነገጥኩት እኔ ነኝ። ነርሷ "የምትፈራው እናትየዋ ናት" ብላ ሳቀችብኝ። መርፌውን ግን አልፈራሁም። አሥር ዓመቴ ላይ፣ ላሊበላ፣ አልኮል የነካ ጥጥ በእጄ ይዤ፣ አባባ "የቱ ነው?" ብለው ሲጠይቁኝ የሚይዘኝ የነበረው ፍርሃት ነው ተመልሶ የመጣብኝ።

አባባ የምላቸው የእናቴን አባት መሪጌታ ይትባረክን ነው። የድጓ መምህር ነበሩ። ቤታችን ወደ አሸተን ማርያም ከሚያወጣው መንገድ ሥር ነበር፤ አባባ ግቢው ውስጥ ካለችው ወይራ ጥላ ጉባኤ ዘርግተው ሰባት ስምንት ተማሪዎች ያስተምሩ ነበር። የዜማ ትምህርት ቤት አይቶ የማያውቅ ሰው ጫጫታ ነው የሚመስለው። ሁሉም በአንድ ጊዜ፣ እያንዳንዱ የየራሱን ክፍል ነው የሚጮኸው። አባባ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው መሐላቸው ይቀመጣሉ። የተኙ ይመስላሉ። ከዚያ ሁሉ ድምፅ ውስጥ ጥግ ላይ ያለ አንድ ልጅ አንዲት ቦታ ሲስት ግን፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ "ተው" ይላሉ። ስም አይጠሩም። የሳተው ልጅ ራሱን ያውቃል፣ ይመለሳል፣ ያስተካክላል። የተማሪ ድርሻ መታረም ነው፤ አራሚው አንድ ሰው ብቻ ነው። የኔታ ተሳሳቱ የሚል ቃል በእኛ ግቢ ተሰምቶ አያውቅም።

አባቴ ኮን ወረዳ ቢሮ ተቀጥሮ ስለነበር የሚመጣው ለበዓል ነው። እናቴ አንድ እንግዳ ማረፊያ ውስጥ ወጥ ቤት ትሠራ ነበር። ስለዚህ ከትምህርት ቤት ስመለስ የምውለው ከአባባ ጋር ነው።

ካሴቶቹን ያመጣቻቸው አንዲት ፈረንጅ ናት። የቤተ ክርስቲያኖቹን ድንጋይ ልታጠና መጥታ፣ በግቢያችን ጫፍ ያለችውን ክፍል ተከራይታ ዓመት ያህል ተቀመጠች። ቀኑን ሙሉ ድንጋይ ስትለካ ውላ ስትመለስ ጫማዋን ታወልቅና እግሯን ውኃ ውስጥ ነክራ ቴፗን ትከፍታለች። የሚወጣው ድምፅ ማሲንቆ ይመስላል፤ ግን ዘፋኝ የለው፣ ጭብጨባ የለው። እኔና እናቴ ማሲንቆው ገና እየተቃኘ ስለመሰለን መቼ ይሆን የሚጀምረው እያልን ስንጠብቅ ካሴቱ ያልቃል።

አባባ ግን ተማሪዎቻቸውን ካሰናበቱ በኋላ ከክፍሏ ግድግዳ ጥግ መቀመጥ ለመዱ። አንድ ቀን "አራት ናቸው" አሉ። "ሁለት ቀጫጭን፣ አንድ መካከለኛ፣ አንድ ወፍራም።" ይዛው የምትዞረው አስጎብኚ ይህን ሲተረጉምላት ፈረንጇ ተነስታ ጉልበታቸውን ልትስም ምንም አልቀራት። አራት ሰዎች፣ አራት ባለ ክር መሣሪያ ይዘው፣ ያለ ምንም ዘፋኝ የሚጫወቱት ነው አለች። ከዚያ ሌላ ካሴት አስገባች። ዜማው ያው ነው። አባባ ትንሽ አድምጠው፣ ሰዎቹ ግን ሌሎች ናቸው አሉ። እውነታቸውን ነበር። አንድ ሰው ከብዙ ዘመን በፊት የጻፈውን አራቱ በአንድ ከተማ፣ ሌሎቹ አራቱ በሌላ ከተማ ተጫውተውት ነው። አባባ አልገረማቸውም። የድጓ አገር የሆኑት የጋይንት ቤተልሔምና የቆማ መምህራንም አንዱን ዜማ በየራሳቸው መንገድ ነው የሚሉት፤ ሁለቱም ልክ ናቸው፤ የሚያውቅ ሰው ግን ከሩቅ ይለያቸዋል። "እንደኛው ናቸዋ" አሉ፣ ዘመድ እንዳገኘ ሰው ደስ ብሏቸው።

መስከረም ላይ ስትሄድ ቴፑንም ሁለቱንም ካሴቶች ለአባባ ትታላቸው ሄደች። የአንዱ ወረቀት ቀይ፣ የሌላው ሰማያዊ ነበር። በላቲን ፊደል የተጻፈውን ማንበብ ስላቃተን ቀዩና ሰማያዊው አልናቸው።

የቴፑ ነገር የእኔ ሥራ ሆነ። የደከሙትን የባትሪ ድንጋዮች ፀሐይ ላይ አሰጣለሁ። ባትሪ እንዳይጨርስ የካሴቱን ክር በእስክርቢቶ አጠነጥናለሁ። ክሩ እየታከከ የሚያልፍበትን ትንሽ ብረት ደግሞ ፈረንጇ ትታልን በሄደችው አልኮል በጥጥ እጠርጋለሁ። አባባ በዚህ ሥራዬ ይኮሩብኝ ነበር። ለመጣው እንግዳ ሁሉ "የቴፑ ገበዝ እሷ ናት" ይላሉ።

ጨዋታውን የፈጠሩት እሳቸው ናቸው። እኔ ነጠላዬን ቴፑ ላይ ጣል አድርጌ፣ ሳያዩ ከሁለቱ አንዱን አስገባለሁ። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ያደምጡና የቱ እንደሆነ ይናገራሉ። አንድ ቀን እንኳ ስተው አያውቁም ነበር። ምስጢሩን ለእኔም አሳዩኝ። ወፍራሙ በሁለቱም ካሴት እኩል ነው የሚራመድ፤ እሱን ብትሰሚ አትለይም አሉኝ። ልዩነቱ ያለው ቀጭኗ ላይ ነው። ቀጭኗ ወደ ላይ ወጥታ ወጥታ ጫፍ ስትደርስ፣ በቀዩ ላይ ድምፅዋን እያሳሳች ቀስ ብላ ትለቀዋለች፤ በሰማያዊው ላይ ግን ቆረጥ ታደርገዋለች።

እኔ የገባኝ በሌላ መንገድ ነው። ቀጭኗ ልጅ ናት፣ ወፍራሙ አባቷ ነው፤ ልጅቱ ከቤት ልውጣ እያለች ትለምነዋለች፣ እሱ ደጋግሞ ይከለክላታል። የቀዩ ልጅ ቀበጥ፣ የሰማያዊው አኩራፊ ናት። ሌሎቹ ሁለቱ ዳር ቆመው የሚያማልዱ ጎረቤቶች ናቸው። ይህን ለአባባ ስነግራቸው እስኪያስላቸው ሳቁ። መጨረሻ ላይ ይፈቅድላታል ወይ ብለው ጠየቁኝ። አዎ፣ ግን ለምን እንደፈቀደላት አላወቅሁም አልኳቸው። "ደክሞት ነዋ" አሉኝ።

ተማሪዎቹ ነገሩ ቅር አሰኝቷቸው ነበር። በተለይ ዲያቆን ሙሉ። ሙሉ የዋድላ ሰው ነው፤ ከሁሉም በዕድሜም በትምህርትም የገፋ፣ ድምፁ ያማረ፣ ትንሽ ኮራ የሚል። መሪጌታ ሰው ማሲንቆ ሲያደምጥ እንዴት ይሆናል ብሎ አንድ ቀን ደፍሮ ጠየቀ። አባባ አልተቆጡም። "ዘፈንማ እግር ያነሳል" አሉት። "ይሄ የማንን እግር አነሳ?" ሙሉ እግሩን አየ። ነገሩ በዚያው አለቀ።

ኅዳር ሲገባ አባባ ሳቱ።

ከሰዓት በኋላ ነበር። ቀዩን አስገብቼላቸው ነበር። ጨርሰው አደመጡና "ሰማያዊው" አሉ። ቀና ብዬ አየኋቸው። አባባ ተማሪ ሲፈትኑ አንዳንዴ ሆን ብለው ያጠፋሉ፤ ንቁ ተማሪ ልብ ይላል። እየፈተኑኝ ነው ብዬ አሰብኩ። ሲፈትኑ ግን የጢማቸው ጫፍ በሳቅ ይንቀሳቀሳል፤ ያን ቀን አልተንቀሳቀሰም። "ነው አይደለም?" አሉኝ። እኔ ለአባባ "አይደለም" ብዬ አላውቅም። አፌ ራሱ ነው "አዎ" ያለው። ካሴቱን ለማየት እጃቸውን ሲዘረጉ፣ በነጠላዬ ሥር ለዋወጥኩና ሰማያዊውን ሰጠኋቸው።

ያን ቀን ራት አልበላሁም።

በማግሥቱ ልክ ሆኑ፤ ደስ ብሎኝ ግቢውን በሩጫ ዞርኩት። በሦስተኛው ቀን ግን እንደገና ሳቱ፤ እኔም እንደገና አዎ አልኩ፣ እንደገና በነጠላዬ ሥር ለዋወጥኩ። አንዴ ያገኙታል፣ አንዴ ይስታሉ። በግምት እንጂ በመስማት እንዳልሆነ ልጅም ብሆን ገባኝ። አንድ ቀን ካሴቱ እየሄደ "ቀጭኗ ዛሬ የለችም ወይ?" ብለው ጠየቁኝ። ቀጭኗ ጣራው ላይ ወጥታ እየጮኸች ነበር። አለች ለማለት አልደፈርኩም፣ የለችም ለማለትም አልቻልኩ። የባትሪ ድንጋዩ ደክሞ ይሆናል አልኩና ላሰጣው ይዤ ወጣሁ።

ጥፋቱ የእኔ ነው ብዬ አመንኩ። አልኮሉ ሲሸተኝ አፍንጫዬን ስለሚያቃጥለኝ፣ የአባባንም ጆሮ በዚያው ያቃጠልኩት መሰለኝ፤ ቴፑ ሥር ጆሯቸውን አስጠግተው አይደል የሚያደምጡ? ስለዚህ መጥረጉን ተውኩ። ሳምንት ሳይሞላ የቴፑ ድምፅ ታፈነ፤ ከጉድጓድ የሚወጣ መሰለ። አባባ ይባስ ብለው መስማት አቃታቸው። ደንግጬ በቀን ሁለት ጊዜ መጥረግ ጀመርኩ። ጣቶቼ አልኮል አልኮል እያሉ ትምህርት ቤት ስሄድ ጓደኛዬ ሕመም አለብሽ ወይ አለችኝ። ለኅዳር ጽዮን ከእናቴ ጋር አሸተን ስንወጣ፣ የአባባን ጆሮ ከመለሽልኝ ጧፍ አመጣልሻለሁ ብዬ ተሳልኩ። ስወርድ የመጀመሪያው ሥራዬ ቀዩን ካሴት ማስገባት ነበር። "ሰማያዊው" አሉ አባባ።

ቤት ውስጥም ነገሩ እያፈተለከ ነበር። እናቴ ሳታውቀው ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ማውራት ጀምራ ነበር። አባባ ደግሞ "እናንተ ሰዎች መንሾካሾክ ለመዳችሁ" እያሉ ይነጫነጩብናል። ብናገር አባባ የድጓ መምህርነታቸው ያከትማል። ጆሮ የሌለው መምህር ምን ይዞ ያስተምራል? ዝም ብል ደግሞ አንድ ቀን ሌላ ሰው፣ በሌላ ቦታ፣ አለመስማታቸውን ይደርስበታል። ሁለቱንም እያሰብኩ ሆዴን ይቆርጠኝ ነበር፤ እናቴ ትል ነው ብላ ኮሶ ልትሰጠኝ ተነስታ ነበር።

ሴት ልጅ ድጓ አትማርም። ግን የጭቃ ግድግዳ ድምፅ አይከለክልም፤ ተማሪዎቹ በየቀኑ የሚሉትን እኔም ቤት ውስጥ ሆኜ በጆሮዬ ይዤው ነበር። ዲያቆን ሙሉ አንዲት ቦታ ላይ ሁልጊዜ ይስት እንደነበር አውቃለሁ። ከፍ ብሎ ወጥቶ ጫፏ ላይ ድምፁን ማርገብ ሲገባው ይቆርጣታል። መስከረምና ጥቅምት አባባ እዚያች ቦታ በደረሰ ቁጥር "ተው" ይሉት ነበር። ከኅዳር ወዲህ አላሉትም። እሱ ዝምታቸውን ስለተሻሻልኩ ነው ብሎ ተረጎመው። ታኅሣሥ ላይ አባባ ራሳቸው፣ ሙሉ በቅቷል፣ ጋይንት ቤተልሔም ሄዶ ያስመስክር አሉ። ድጓ የተማረ ሰው እዚያ በመምህራን ፊት ካላስመሰከረ መምህር አይባልም። እዚያ የሚቀመጡት ደግሞ መጀመሪያ የሚጠይቁት ማን አስተማረህ ብለው ነው።

ሙሉ ዕቃውን ያሰረው ቅዳሜ ዕለት፣ ገና ሊደርስ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ነው። ከተማው በእግር በሚመጣው ምእመን ተሞልቷል፤ በደጃችን ነጭ በነጭ ሆኖ ያልፋል፣ ይዘምራል፣ ይጣራራል። ተማሪዎቹ ሙሉን ሊሸኙ ወይራዋ ሥር ተሰብስበዋል። አባባ ሙሉን ቆይ አሉትና እኔን ወደ ቤት ጠርተው በሩን ገርበብ አደረጉት።

ቀስ ብለው ነው የተናገሩት። "ይህ ልጅ በእኔ ጆሮ ተማምኖ ነው የሚሄድ" አሉኝ። "ሰሞኑን ጆሮየን አላምነውም፤ የእንግዳው ጫጫታ ነው እያልሁ ራሴን አታልላለሁ። እስኪ ሦስት ጊዜ አሰሚኝ። ከለየሁ መርቄ እሰደዋለሁ። ካልለየሁ አይሄድም።"

የመጀመሪያው ቀዩ ነበር፤ ቀዩ አሉ። እመቤቴ ማርያም፣ ሰማሽኝ አልኩ በሆዴ። ለሁለተኛው ጊዜ ቀዩኑ ደገምኩላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ እጃቸውን ጆሯቸው ሥር ደግነው፣ ሰውነታቸው ሁሉ ወደ ቴፑ ተዘንብሎ አደመጡ። ግንባራቸው ላይ ላብ ነበር። በዚያ ብርድ ላብ።

"ሰማያዊው ነው" አሉ።

እጄ ነጠላዬ ሥር ገብቶ ሰማያዊውን ይዞ ነበር። ልማድ ሆኖበታል። በዚያው ቅጽበት ውጭ ሙሉ ድምፁን ሊያሟሽ ያችን ቦታ ማለት ጀመረ። ወጣ፣ ወጣ፣ ጫፏ ላይ ደረሰና ቆረጣት። አባባን አየኋቸው። ፊታቸው ላይ ምንም የለም። መልሴን ብቻ እየጠበቁ ነበር።

"አይደለም፣ አባባ" አልኩ።

"ምን አልሽ?"

"አይደለም።"

"ልጀ፣ አልሰማሁሽም።"

እንባዬ መጣ። እንዲህ ያለውን ነገር በጆሮ ተጠግቶ፣ በሹክሹክታ ነበር መናገር የሚሻለው። እሳቸው ዘንድ የሚደርሰው ግን ጩኸት ብቻ ነው። "አይደለም! ቀዩ ነው! ተሳስተዋል!" ብዬ ባለኝ ድምፅ ሁሉ ጮህኩ።

ወይራዋ ሥር የነበረው ድምፅ ጸጥ አለ። ሙሉም አቋረጠ። ያንን ቃል ስምንት ተማሪዎች ሰሙት። የምእመኑ መዝሙር ብቻ በደጅ ማለፉን ቀጠለ።

አባባ የጠየቁኝ የጠበቅሁትን አልነበረም። "ከመቼ ወዲህ ነው?" አሉኝ። ከኅዳር መግቢያ አልኳቸው፣ እየጮህኩ። ስንት ጊዜ እንደሆነ ጠየቁኝ፤ አላውቅም፣ ብዙ ጊዜ ነው አልኳቸው። ከነጠላዬ ሥር ሁለቱንም ካሴቶች አውጥቼ ጉልበታቸው ላይ አስቀመጥኩ። አባባ ካሴቶቹን አላዩዋቸውም። "ሙሉስ?" አሉ። "ያችን ከፍታ እንዴት ነው የሚላት?"

"ይቆርጣታል" አልኩ።

ራሳቸውን ነቀነቁ። ያልተቆጡኝ መሆኑ ከቁጣ የባሰ አስፈራኝ። ተነስተው ጋቢያቸውን አስተካከሉና ወጡ። ተማሪዎቹ ሁሉ መሬት መሬቱን ነው የሚያዩት። ሙሉ ዕቃውን ትከሻው ላይ እንዳንጠለጠለ ቆሟል። አባባ ፊት ለፊቱ ቆመው፣ ድምፃቸው ሳይርገበገብ፣ ሁሉም እየሰማ ተናገሩ። "አንተ አይደለህም የሳትህ፣ እኔ ነኝ። ከኅዳር ወዲህ የሰማሁህ መስሎኝ አልሰማሁህም። ይምርሐነ ክርስቶስ አጠገብ ወዳጀ አለ፤ ሂድና እሱ ያችን ቦታ ያቅናልህ። ቤተልሔም ከዚያ በኋላ ትሄዳለህ።" ሙሉ፣ ያ ኩሩ ሙሉ፣ ዕቃውን ጥሎ እግራቸው ላይ ወደቀ። የኔታ፣ እኔ ከርስዎ ሌላ መምህር አልፈልግም ይላል እያለቀሰ። አባባ ግን የሚለውን አልሰሙትም፤ መሐል ራሱ ላይ እጃቸውን ጭነው ይመርቁት ነበር።

ከጥምቀት በኋላ ሌሎቹም አንድ በአንድ ተበተኑ። ወይራዋ ሥር ዶሮዎች መዋል ጀመሩ። እናቴ የልጅ አፍ ብላ ልትገርፈኝ ስትነሳ ያስጣሉኝ አባባ ናቸው። ያቺ ልጅ የአንድ ሰው ነፍስ ከኀፍረት አድናለች አሏት። እኔ ግን ሁለት ወር ሙሉ ዋሽቼ አንድ ቀን ብቻ እውነት በመናገሬ መመስገኔ አሳፈረኝ።

ከሰዓት በኋላ ቴፑን አሁንም አብረን እናደምጥ ነበር። እሳቸው ወፍራሙን ይሰማሉ፤ ቀጭኗን እኔ በእጄ አየር ላይ እየሣልኩ አሳያቸዋለሁ፤ ስትወጣ እጄን ከፍ፣ ስትለቀው ቀስ ብዬ ዝቅ። የቱ ነው ብለው ግን ከዚያ በኋላ አልጠየቁኝም። ስለ ሌላው ነገር ይጠይቁኛል፤ ዝናብ ጀመረ ወይ፣ እናትሽ መጣች ወይ፣ ደወሉ ተደወለ ወይ። እኔም እውነቱን እነግራቸዋለሁ፤ አንዲት ቀን እንኳ ዳግመኛ አልዋሸኋቸውም። ሆኖም አዎ ባልኳቸው ቁጥር፣ ለትንሿ ነገር እንኳ፣ ቀና ብለው ፊቴን ያዩኝ ነበር።